የአስናቀ መርዶ

እሑድ እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን የጠባሴ ሰፈር ጸጥ ይላል። ቄሱ ስብከታቸውን ቀደም ብለው ይቋጫሉ፣ ባለታክሲዎቹ ሙዚቃቸውን ይቀንሳሉ፣ ጎረቤት የጎረቤቱን በር አያንኳኳም። ከጨው ሜዳው ጦርነት ሰው ባልተመለሰባቸው ቤቶች ስልክ የሚጮኸው በዚያ ሰዓት ነው፤ እነዚህ ቤቶች ደግሞ ጥቂት አይደሉም። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ ኳሱን እግራቸው ሥር አድርገው ይቆማሉ። ያዘዛቸው የለም፣ ሲያዩ ያደጉት ነገር ነው።

ዝናሽ ያን ስልክ ፀጉሯን ሳትበጠር አንስታ አታውቅም። ማን ያይሻል ብትባልም ትበጠራለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ስልኩ ሲጮኽ ባሏ አስናቀ «ዝኔ፣ እንዴት ከረምሽ?» ይላታል። ደህና መክረሟን ትነግረዋለች። ስለ ብርዱ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ልጃቸው ስለ ሶስና ይጫወታሉ። በመሃል እሱ ይስቃል። ሳቁ አንድ ዓይነት ነው፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት፤ ድምፁ የተቀዳ ጊዜ አንዴ ብቻ ስለሳቀ ሌላ ሳቅ የለውም።

የሚደውለው አስናቀ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። የሚደውለው ድምፁን የቀዳ ማሽን ነው፣ ስሙም ተወካይ። በጦርነቱ ጊዜ ከግንባር ስልክ መደወል ሞትን መጥራት ነበር፤ ድሮኑ ስልኩን ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ዘማቹ ከመሄዱ በፊት ቁጭ ብሎ ድምፁን፣ የነገር አመጣጡን፣ የሚወዳቸውን ሰዎች ስም ሲያስቀዳ ይውላል፤ ከዚያ በኋላ በእሱ ፈንታ ተወካዩ ይደውላል። ማንም ያልወደደው ጦርነት ነበር። ከጨው በታች ላለ ማዕድን ስንት ወጣት አለቀ፣ ማዕድኑን ግን ዓይቶት የሚያውቅ ሰው በጠባሴ አልነበረም። ሲያልቅም የእኔ ነው የሚል ጠፋ፤ ያወጀው መንግሥት ወረደ፣ የተተካው «እኔ አላወጅኩም» አለ፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ «የዚያን ጊዜ ሁኔታ» ብሎ አለፈው። የተመለሱት ወታደሮች በጭነት መኪና፣ መብራት አጥፍተው፣ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ገቡ። የእነሱ ተወካይ በዚያው ሳምንት ዝም አለ። ያልተመለሱት ተወካይ ግን መደወሉን ቀጠለ። የሚያስቆመው ቤተሰብ ነው፣ «ሞቷል» ብሎ ሲያመለክት። ቤተሰብ ደግሞ መርዶ ሳይነገረው ሞቷል አይልም፣ መርዶ ነጋሪ ሊሆን የወደደ መንግሥት አልተገኘም። ተወካዮቹን የሚያስተዳድረው የድምፅ ጽሕፈት ቤት ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ «በግዳጅ ላይ።»

በየዓመቱ መጋቢት ላይ ከዚያው ጽሕፈት ቤት ትሑት የሆነች ሴት ድምፅ ትደውላለች። «ከዕድሜያቸው ጋር ይርጁ ወይስ ባሉበት ይቆዩ?» ብላ ትጠይቃለች። ብዙ ሴት ባሏን ስታስረጅ ዝናሽ «ይቆይ» ትላለች። አስናቀ የሄደው በሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ሶስና ዳዴ ስትል። አሁን ዝናሽ ሸብታለች፤ እሑድ እሑድ የሚያወራት ሰው ታናሽ ወንድሟን ይመስላታል። ጥቂት ብትቆይ ልጇ ሊሆን ነው።

ሶስና ግን አባት የምትለው ያንን ነው። ማባዛት ያስለመዳት እሱ ነው፤ ፈተና የወደቀች ጊዜ ያባበላት፣ እናቷ ስትቆጣት የሸመገለላት እሱ። ልታገባ መሆኗን ስትነግረው «ሲበላ አይተሽዋል? ሰው ሲበላ ነው የሚታወቀው» ብሎ ያቺን አንድ ሳቁን ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ሰርጉ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ተቆረጠ።

የወንበሩን ነገር ያመጣችው ራሷ ሶስና ናት። ሙሽራ የአባቷን ጉልበት ስማ ሳትመረቅ ከቤት አትወጣም። ምርቃቱ ችግር የለውም፣ ድምፁ ይመርቃል፤ በሌሎች ሰርጎችም ሲደረግ ዓይታለች። ጉልበት ግን የለውም። በከተማው ያሉ ሙሽሮች አንዳንዶቹ ባዶ ወንበር ይስማሉ፣ አንዳንዶቹ ፎቶ። ሶስና ይህን አልወደደችውም። «ጋሼ ጥላዬ ይቀመጥልኝ» አለች። «የአባዬን ጋቢ ለብሶ፣ ድምፁ ከጋቢው ውስጥ ይምጣ። አብረው አልነበሩ? ከሱ የሚቀርብ ማን አለ?»

ጥላዬ የሰፈሩ እድር ዕቃ ጠባቂ ነው። ከአስናቀ ጋር በአንድ መኪና ተጭነው ሄደው እሱ ብቻውን ተመልሷል። ሰፈሩ የተመለሱትን «ጨው» ይላቸው ነበር፣ በሥራም በጨዋታም የሚያስጠጋቸው አልነበረም፤ እድሩ ግን ድንኳን የሚተክልና አግዳሚ የሚሸከም ሰው ስለቸገረው ወሰደው። ለሰርግም ለለቅሶም የሚተከለው ያው አንድ ድንኳን ነው። ጥላዬ በሰርግ ቀን አይጠጣም፣ በለቅሶ ቀን አያለቅስም፣ ካስማውን መትቶ ይሄዳል። የዝናሽን ቤት ደጃፍ ግን ያለ ጉዳይ ሲያልፍ ታይቶ አያውቅም። እሷ ዓይን አፋርነት ይመስላት ነበር።

ዝናሽ ዕቃ ቤቱ ስትደርስ ድስቶች እያጠበ ነበር። እጁን በሱሪው ጠርጎ አግዳሚ አወረደላት። ልጅቷ ያለችውን ነገረችው፤ ቀለል አድርጋ፣ እየሳቀች፣ ሰው ጋቢ ሊዋስ ሲመጣ እንደሚናገረው።

ጥላዬ ድስቱን መልሶ አንስቶ ማጠብ ጀመረ። ከዚያ ድንኳኑን እንደሚተክል፣ ወጥ ቤቱንም እንደሚያሰናዳ፣ ከፈለጉ በሬውንም እንደሚጥል ነገራት። ወንበሩ ላይ ግን አይቀመጥም።

«ልጅ ናት፣ ደስ ይበላት ብለህ ተቀመጥላት እንጂ» አለች ዝናሽ።

«ደስ ቢላትማ ደስ ይለኛል።»

«ታዲያ ምን አለበት? አንድ ጊዜ ጉልበትህን ብትስምህ።»

«እትዬ ዝናሽ» አለ ጥላዬ፣ ቀና ሳይል። «የሱን ጉልበት አውቀዋለሁ። ወደ ጉድጓድ ስናወርደው በጉልበቱ በኩል የያዝኩት እኔ ነኝ። ያ ጉልበት የእኔ ነው ብዬ እንዴት ልቀመጥ?»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ድስቱን እንደያዘ ቀረ። ዝናሽም ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ታውቅ ነበር ወይ ብትባል፣ አዎ፣ ታውቅ ነበር። ማወቅና መስማት ግን ለየቅል ነው። እሪታዋን ዋጠችው፤ ቀትር ነው፣ ዙሪያዋን ድስትና የድንኳን ቋሚ ነው፣ አንድም የሚይዛት ሰው የለም። የአስናቀ መርዶ እንዲህ ሊሆን ነው? ቆሞ ዕቃ በሚያጥብ ሰው አፍ፣ በስህተት?

«አልሰማሁም» አለች።

«እትዬ...»

«አልሰማሁህም አልኩህ። እንዲህ አይነገርም። ሰው ጥራና በወጉ ንገሩኝ።» ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። መንገድ ላይ ሰላም ያሏትን ሁሉ ሰላም አለች።

በማግስቱ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደየስ መጡ፣ ጎረቤቷን ድንቄን አስከትለው። ሽማግሌው ጥላዬ ያለውን ሰምተዋል፤ ዝናሽ መስማቷንም ያውቃሉ። ግን መርዶ ያልተነገራትን ሴት ስለ ሐዘን ማነጋገር አይቻልም፣ እሷም ያልተነገራትን አውቃለሁ ማለት አትችልም። ስለዚህ ስለ ሰርጉ ተጫወቱ። የበሬ ዋጋ መወደዱን፣ የሙሽራው አባት ደግ ሰው መሆኑን ተነጋገሩ። ድንቄ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

«እንዲያው ለጨዋታ ያህል» አሉ በመጨረሻ ጋሽ ወልደየስ፣ «ደስታ ይቅደም ይላሉ አባቶች። ሐዘን የትም አይሄድ።»

«ለጨዋታ ያህል እኔም ልጠይቅዎ» አለች ዝናሽ። «አንዲት ሴት ቤቷ ሐዘን እያለ ሳትሰማ ብትደግስ፣ ሰርጉ ላይ ብትጨፍር፣ በኋላ ደግሞ ቢነገራት፣ የጨፈረችበትን እግር ምን ታድርገው?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ። «ያቺ ሴት... ያኔ ሊነግሯት ሲነሱ ልጇን ኩፍኝ ይዟት ቢሆንስ? ልጅ ታሞ መርዶ ይነገራል?»

«ኩፍኝ ይድናል።»

«ሲድን ጾም ገባ እንበል። ከጾሙ በኋላ የሴትዮዋ እናት ወደቁ። ከዚያ ልጅቷ ፈተና ደረሰባት። እሑድ እሑድ ደግሞ ሰውየው ያወራል፣ ይስቃል። ይህን ሁሉ የሚያወራ ሰው ሞተ ብሎ ማን በየትኛው አፉ ይናገር? ነገ ነገ ሲባል...» አልጨረሱትም። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ዝናሽ ያን ጊዜ ነው የገባት። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እሑድ ጠዋት ያ ሁሉ ጸጥታ፣ የቄሱ መቸኮል፣ የድንቄ በር አለማንኳኳት፣ ስልኩን ለማክበር ይመስላት ነበር። ለእሷ አዝነው ነው። ይህን ሁሉ ዓመት በየቤታቸው እያዘኑላት እሷ ፀጉሯን ትበጠራለች። መጀመሪያ አፈረች። ቀጥሎ ተናደደች፣ ይህን ሽማግሌ በገዛ ከዘራው ብትመታው ደስ ባላት። ወዲያው ደግሞ አሳዘኗት፤ ሆድ ይፍጀው ብለው የያዙት ነገር የእሳቸውንም ሆድ ፈጅቷል። ክፋት ቢሆንባት ይሻላት ነበር። ከመሞት መሰንበት ብለው አስናቀን በደግነት ያሰነበቱት እነሱ ናቸው፣ ማሽኑ አብሯቸው ሠራ እንጂ።

«ዓርብ ጠዋት ቤት ነኝ» አለች። «በሩም አይቆለፍም።»

ድንቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ልጅቷስ?» አለቻት ቀስ ብላ።

የልጅቷን ነገር ዝናሽ ራሷ ሐሙስን ሙሉ ስታላምጠው ዋለች። የሰርጉን ልብስ ቤት ውስጥ ለቅሶ እንዳይደርስበት ድንቄ ቤት ወሰደችው፤ ለሶስና አይጥ አለ አለቻት። ፍራሾቹን ፀሐይ አስመታች፤ እንግዳ ይመጣል አለቻት። ሶስና ግን ሐሳቧ ሌላ ነው። ማታውን አልጋ ላይ ቁጭ ብላ አባዬ ለምርቃቱ ግጥም ሊገጥምላት ቃል እንደገባ፣ እሑድ እንደሚያስደምጣት ስትተርክ ፊቷ በራ። ዝናሽ አየቻት። ነገ ጠዋት የዚህችን ልጅ አባት ልትገድል ነው። እሷ ባል ነበራት፤ ያቀፈችው፣ የተጣላችው፣ ላቡን የምታውቀው። ልጅቷ ከድምፁ በቀር ምን አላት? ያን ሳቅ ከወሰደችባት ምን ትሰጣታለች፣ መቃብር እንኳ የላት። ሄዳ ጋሽ ወልደየስን «የዓርቡ ይቅር፣ ሰርጉ ይለፍ» ልትላቸው ነጠላዋን አነሳች። ከዚያ ሶስና ሰርጓ ቀን በጥላዬ ጉልበት ላይ ተደፍታ፣ የተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ አባቷ ሙት መሆኑን እያወቀ አንገቱን ደፍቶ ሲያያት ታሰባት። ነጠላዋን መልሳ ሰቀለች።

«ዛሬ ከእኔ ጋር ተኚ» አለቻት።

«ምነው እማዬ?»

«ልታገቢ አይደል፣ ልሰናበትሽ።»

የዓርብ ንጋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። ዝናሽ ወፍ ሳይንጫጫ ነቅታ በሩን ከፍታ፣ ገርበብ አድርጋ ተመልሳ ተኝታለች። መርዶ የሚነገረው ለተኛ ሰው ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችና ዓይኗን ጨፈነች። ወዲያው እግር ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ እግር፣ የታፈነ ሳል፣ የጋሽ ወልደየስ ከዘራ ድንጋዩን ሲነካ። ሰዎቹ ድምፅ እንዳያሰሙ እየተጠነቀቁ ይሰበሰባሉ፤ እሷም እንዳልሰማች ሆና ትጠብቃቸዋለች። በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰፈሩን ሁሉ ወደደችው።

«እማዬ» አለች ሶስና። «ውጭ ሰው አለ።»

«ተኚ።»

«ብዙ ሰው ነው።» ብድግ ብላ ተቀመጠች። ጎህ ሳይቀድ ደጅ ላይ የተሰበሰበ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ በአገሩ የማያውቅ የለም። «እማዬ፣ ማን ሞቶ ነው?»

በሩ ተከፈተ፤ ብርዱ መጀመሪያ ገባ፣ ከዚያ ሰዎቹ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ድንቄ መጥታ ዝናሽን ከጀርባዋ ያዘቻት። ጥላዬ መሃል ላይ ቆመ። ኮት ለብሷል፤ ኮት ለብሶ ያየው ሰው አልነበረም።

«እትዬ ዝናሽ፣ በርቺ» አለ። «እኔ ከአስናቀ ጋር ነበርኩ። ጦርነቱ አብቅቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረን፣ እሱም እኔም ጨፈርን። አብቅቷል መባሉ ለሰው ደረሰ እንጂ ለድሮኑ አልደረሰውም ነበር። ቀትር ላይ መጣ። አስናቀ ብዙ አልተሠቃየም። እጄ ላይ ነው ያረፈው፤ እኔው ነኝ የቀበርኩት፣ ጨው ሜዳው ዳር አንዲት ግራር አለች፣ እሷ ሥር ነው። መጥቼ ሳልነግርሽ ቀረሁ። ይኸው ዛሬ ነገርኩሽ።»

«እሑድ እኮ አውርቶኛል» አለች ሶስና። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ታያለች። «እሑድ እኮ አውርቶኛል።»

ያን ጊዜ ዝናሽ ጮኸች። የጮኸችው ለዛሬ አልነበረም፤ ያልጮኸችበትን ዓመት ሁሉ ጮኸች። ድንቄና ሌሎቹ እየያዟት ደረቷን መታች፣ ስሙን ጠራች፣ በሄደበት ዕድሜው ሳይሆን ዛሬ በሚሆንበት ዕድሜ፣ ሽበቱንና ጥርሱን እየጠራች አለቀሰችው። ጥላዬ ካስማውን ሊመታ አልወጣም። ዕቃ ቤቱን ለሌላ ሰው ትቶ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

ድንኳኑ ተተከለ። የሙሽራው አባትና እናት መጥተው ከሐዘንተኛው ጋር ተቀመጡ፣ ሰርጉም ዳግም ትንሣኤ እስኪያልፍ ይቆይ ተባለ። ከሌሎች ስልክ ከሚጮኽባቸው ቤቶች የመጡ ሴቶች ነበሩ፤ አልቅሰው ሲጨርሱ ጥላዬን ወደ ጥግ እየወሰዱ የየባላቸውን፣ የየልጃቸውን ስም ይነግሩታል። አንዳንዱን ያውቀዋል፣ አንዳንዱን አያውቀውም። የሚያውቀውን እዚያው አልነገራቸውም። ቤታቸው የት እንደሆነ ጠየቃቸው።

ሶስና ግን ከዓርብ ጀምሮ ለእናቷ ቃል አልተነፈሰችም። ፍራሹ ላይ ከሐዘንተኛው ጋር አልተቀመጠችም። ስልኩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳውን ታያለች። የሚያጽናኗትን ትሰማለች፣ አሜን ግን አትልም። ዝናሽ ከማልቀስ ስታርፍ ዓይኗ ወደዚያ ወንበር ይሄዳል። ባሏን አግኝታ ልጇን ያጣች መሰላት።

እሑድ አራት ሰዓት ሲሆን እንደ ወትሮው ሰፈሩ ጸጥ አለ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ወንዶች ወሬያቸውን አቆሙ። ስልኩ ጮኸ። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ጋሽ ወልደየስ በበሩ በኩል አንገታቸውን አስገብተው ቆሙ። ሶስና አንስታ «ሃሎ» አለች።

«ሶስዬ! እንዴት ከረምሽ? ግጥሙን ጨረስኩልሽ እኮ» አለ አስናቀ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ድምፅ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማው።

ሶስና ዝም አለች።

«ምነው ድምፅሽ ጠፋ? እናትሽ ደህና አይደለችም?»

«ለቅሶ ላይ ነን።»

«ውይ። ማን ሞተ?»

ሶስና ወደ እናቷ ዞረች። ልጅቷ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አባቴ» አለች።

ድምፁ ጥቂት ቆየ፣ ሰው ሲደነግጥ እንደሚቆየው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አለ ከዚያ። «እናትሽን አደራ።»

«አሜን» አለች ሶስና። ስልኩን ዘጋችውና መጥታ ፍራሹ ዳር ቆመች። ዝናሽ ጠጋ አለችላት።